ልብ ወለድ ጸሐፊውና የሰዋስው መምህሩ
(ከመስቃን በተገኘ አንድ ረቂቅ መነሻነት የቀረበ ሒስ)

1. መነሻ

የአማርኛ ልብ ወለድ ከሰዋስው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛን ሰዋስው በጣሊያንኛ ጽፈው ሮም ላይ አሳተሙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዚያው ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ አወጡ። የግሱን እርባታ የተነተነው እጅና ታሪኩን የተረከው እጅ አንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ሙያዎች ተለያይተዋል። ሰዋስው ጸሐፊው ለትምህርት ቤት ይጽፋል፤ ደራሲው ለአንባቢ ይጽፋል፤ የሚገናኙትም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በሌላው ረቂቅ ላይ ቀይ ቀለም ይዞ ሲቀመጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ግንኙነት ነው። ጥያቄያችንም የሚከተለው ነው፤ ልብ ወለድ መጻፍ ለሚማር ሰው የምንሰጠው ሰዋስው፣ ሥርዓተ ነጥብና የሙያ ቃል በእርግጥ ከቋንቋው የተገኘ ነውን? ወይስ ከሌላ ቋንቋ ተወስዶ በላዩ የተጫነ ነው? ለጥያቄው መነሻ የሆነን የራሳችን ስሕተት ስለ ሆነ ከዚያ እንጀምራለን።

2. የረቂቁ ታሪክ

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አንድ የቡታጅራ ወጣት አርባ ገጽ ያህል የሚሆን አጭር ልብ ወለድ በእጅ ጽፎ አምጥቶልን ነበር። አፉን የፈታው በመስቃን ቋንቋ ነው፤ የጻፈው ግን በአማርኛ ነበር። እኛም ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር አርመን መለስንለት። ረጃጅሞቹን ዐረፍተ ነገሮች በአራት ነጥብ ቈራረጥን፤ «አለ» እና «ብሎ» በሚሉት ቃላት ፊት ሁሉ ትእምርተ ጥቅስ አስገባን፤ በገጹ ኅዳግም «ሴራው ልል ነው» ብለን ጻፍን። በወቅቱ ይህን ያደረግነው እንደ ውለታ ቈጥረን ነው።

በቅርቡ ለቃላት ስብሰባ ወደ መስቃን በሄድን ጊዜ ያንኑ ሰው አገኘነው። ዛሬ ነጋዴ ነው፤ ከዚያ ረቂቅ በኋላ ሌላ እንዳልጻፈ ነገረን። ወረቀቱን ግን አስቀምጦት ነበርና አውጥቶ አሳየን። ጣቱንም በአንድ መስመር ላይ አኑሮ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጥቅስ አስገብተውብኛል፤ ሰውየው ግን አልተናገረም፤ ተነሣ እንጂ» አለን። መስመሩ እርሱ እንደ ጻፈው «ልሂድ ብሎ ተነሣ» የሚል ነበር። እኛ «ልሂድ» የሚለውን ቃል በጥቅስ አጥረነዋል።

ሰውየው ትክክል ነበር። ለምን ትክክል እንደ ሆነ ማስረዳት ያለብን ግን እኛ ነን።

3. ስለ ትእምርተ ጥቅስ

መመሪያዎቻችን በጠቅላላው እንደሚሉት ትእምርተ ጥቅስ የሚያገለግለው የሌላውን ሰው ንግግር እንዳለ ለማቅረብ ነው። ሕጉ በራሱ ስሕተት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው «አለ» የሚለውን ግስ ባየን ቍጥር ንግግር አለ ብለን ስናስብ ነው። በአማርኛ «አለ» እና ዘሮቹ ከንግግር ሌላ ቢያንስ ሦስት አገልግሎት አላቸው።

አንደኛው ሐሳብንና ፈቃድን መግለጽ ነው። «ልሂድ ብሎ ተነሣ» ስንል የተሰማ ድምፅ የለም፤ ያለው ውስጣዊ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ግዑዝ ነገርን ይመለከታል። «በሩ አልከፈት አለ»፣ «ግድግዳው ልውደቅ ልውደቅ ይላል» የሚሉትን አባባሎች እንመልከት። «አልከፈት» የሚለውን በጥቅስ ብናጥረው በሩን አፍ አውጥቶ እንዲናገር አድርገነዋል፤ የጸሐፊው አሳብ ግን በሩ አስቸገረ ለማለት ብቻ ነው። ሦስተኛው «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ቀስ አለ» እንደሚሉት ያለው ጥምር ግስ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ጥቅስ የሚያስገባ አይገኝም።

ከእነዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ በእውነት ንግግር ሆኖ ሳለ ጥቅስን የማይቀበለው ዐይነት ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት «ልጁ ምን አልበላም አለ?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ «ቆጮ አልበላም አለ» ይሆናል። በጥያቄው ውስጥ «አልበላም» የሚለው ግስ በአንደኛ መደብ የተነገረ የልጁ ቃል ነው። «ምን» የሚለው መጠይቅ ግን የልጁ ሳይሆን የእናቲቱ ነው። ልጁ «ምን አልበላም» የሚል ቃል ከአፉ አላወጣም። እንግዲህ ጥቅሱ የት ይግባ? የትም ቢገባ ዐረፍተ ነገሩን ያበላሻል። በአውሮፓ ቋንቋዎች ሰዋስው የሠለጠነ ሰው ንግግርን በሁለት ብቻ ይከፍለዋል፤ ቀጥተኛና ኢቀጥተኛ ብሎ። አማርኛ ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ስፍራ አለው፤ የተናጋሪው መደብ በውስጥ ይቀመጣል፣ የተራኪው አገባብ ደግሞ በውጭ ሆኖ ያቅፈዋል። የሥነ ልሳን ሊቃውንት አማርኛን በዚህ ጠባዩ ለዓለም የመደብ ጥናት እንደ ዐቢይ ምሳሌ ሲጠቅሱት ኖረዋል። የድርሰት መመሪያዎቻችን ግን እስከ ዛሬ ቦታ አልሰጡትም።

ለደራሲ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የትረካ አንጻር የምንለው፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዐይን ይታያል የሚለው ነገር፣ በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ሦስተኛ ስፍራ ላይ ነው። «ምን ላድርግ አለና ተቀመጠ» የሚለው አባባል ያለ ጥቅስ ሲጻፍ አንባቢውን ወደ ሰውየው ልብ ያስገባዋል። «ምን ላድርግ?» አለና ተቀመጠ ተብሎ በጥቅስ ሲጻፍ ግን አንባቢው ከውጭ ቆሞ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም ግን አንድ አይደሉም። ምርጫው የደራሲው መሆን ሲገባው እኛ በቀይ ቀለም ወሰንንበት። የጉራጌ ቋንቋዎችም የ«አለ»ን አቻ፣ ለምሳሌ ቻሃ «ባረ» የሚለውን ግስ፣ በተመሳሳይ አገባብ ስለሚጠቀሙበት ወጣቱ ከአፍ መፍቻው ወደ አማርኛ ሲሻገር ይህን ጥበብ ይዞት መጥቶ ነበር። እኛ እንደ ጉድለት የቈጠርንበት ነገር ሀብቱ ነበር።

በአንጻሩ ትእምርተ ጥቅስ በግድ የሚያስፈልግበት ስፍራም አለ፤ ይኸውም ፊደላችን ጥብቀትን የማያሳይ በመሆኑ የሚመጣ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። «እቤት ውስጥ ሰው አለ» የሚለውን አንባቢ በሁለት መንገድ ሊያነበው ይችላል። «እቤት ውስጥ ‹ሰው› አለ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ጥርጥር አይኖርም። በልብ ወለድ ውስጥ ከማናቸውም ግስ ይልቅ የሚደጋገመው ይኸው ግስ ስለ ሆነ፣ ጥቅሱ በዚህ ጊዜ ፊደሉ የተወውን ሥራ ይሠራል።

4. ስለ ዐረፍተ ነገር ርዝመትና ስለ አራት ነጥብ

ሁለተኛው ጥፋታችን ቈረጣ ነበር። ወጣቱ እንዲህ በሚመስል አኳኋን ይጽፍ ነበር፤ «ማለዳ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ለእናቱ ውኃ ቀድቶ፣ የአጥሩን በር ሳይዘጋ ወጣ።» እኛም በዚያን ጊዜ ልማዳችን ይህን ወደሚከተለው እንለውጠው ነበር፤ «ማለዳ ተነሣ። ፊቱን ታጠበ። ለእናቱ ውኃ ቀዳ። የአጥሩን በር ሳይዘጋ ወጣ።»

በመጀመሪያው አጻጻፍ ማሠሪያ አንቀጹ አንድ ብቻ ነው፤ «ወጣ» የሚለው። ሌሎቹ ቦዝ አንቀጾች ሁሉ ወደዚያ የሚያመሩ እርከኖች ናቸው። ሳይዘጋ የቀረው በርም ከማሠሪያው አጠገብ ስለ ተቀመጠ በአንባቢው ልብ ይቀራል፤ ልጁ የማይመለስ መሆኑን ገና ሳይነገር ይጠረጠራል። በሁለተኛው አጻጻፍ አራት እኩል ድርጊቶች በሰልፍ ቆመዋል። ፊት መታጠቡ ከቤት መውጣቱን ያህል ክብደት አግኝቷል። አንድም ቃል ሳይጨመር፣ ቦዙ ወደ ማሠሪያ ተለውጦ አራት ነጥብ በመግባቱ ብቻ ታሪኩ ተለውጧል።

«አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፍ» የሚለው ምክር ግስ ወደ መጀመሪያው በሚቀድምባቸው ቋንቋዎች መልካም ምክር ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ቋንቋዎች አንባቢው ድርጊቱን ቀድሞ ያገኘዋል፤ የሚቀጥለው ሁሉ ጭማሪ ነው። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው እስኪደርስበት ድረስ በጉጉት ይጠባበቃል። ይህ ጉጉት የተረት ነጋሪው ዋና መሣሪያ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎችም ጉዳዩን ያውቁታል፤ ምንጩን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ተከትለው የተረጐሙት ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የሚንኳኳ ጠጠር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሚዛን እንዲይዝ የረቂቁን እውነተኛ ጉድለቶችም መናገር ይገባናል። ጸሐፊው ባለቤቱን ሳያስታውቅ በአንድ የቦዝ ሰንሰለት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለዋውጥ ነበር። «አባቱ ተቈጥቶ፣ ወጥቶ፣ እናቱ አልቅሳ፣ ተኝቶ» በሚል ዐይነት አገባብ የተኛው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከነጠላ ሰረዝና ከአራት ነጥብ በቀር ሌላ ምልክት አያውቅም ነበር። ትእምርተ አንክሮንም ሦስት ሦስት እያደረገ ይደረድር ነበር። ሊታረም የሚገባው ይህ ነበር፤ መሣሪያውም በእጃችን ነበር። በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ መካከል ድርብ ሰረዝ አለ፤ ባለቤቱ ወይም ጊዜው የሚለወጥበትን ስፍራ ለማመልከት የሚስማማው እርሱ ነው። ጥንት ቃልን ከቃል ሲለይ የኖረው ሁለት ነጥብ ቦታውን ለባዶ ስፍራ ከለቀቀ በኋላ፣ የቀሩት ምልክቶች ሥራ እንደ ገና መከፋፈል ነበረበት። በትምህርት ቤት ግን ክፍፍሉ የሚሰጠው በስም ዝርዝር እንጂ በሥራ ልዩነት አይደለም። ተማሪው የምልክቶቹን ስም በቃሉ ይወጣል፤ ምን እንደሚያደርጉለት ግን አያውቅም።

5. ስለ ሙያ ቃላት

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ፣ በስያሜ ሥራ ብዙ ደክሟል፤ በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ድካም ፍሬ ነው። የሥነ ጽሑፍ ቃላት ግን በአብዛኛው የተበጁት በደራስያንና በመምህራን እጅ፣ በማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። የደበበ ሰይፉ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» (1973 ዓ.ም.)፣ የዳኛቸው ወርቁ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» (1977 ዓ.ም.)፣ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» (1992 ዓ.ም.) በዚህ ረገድ ባለውለታዎች ናቸው። ዳኛቸው በ«አደፍርስ» የተለመደውን የአጻጻፍ መንገድ ከጣሱ በኋላ መመሪያ ጸሐፊ መሆናቸው ደግሞ ደራሲውና መምህሩ እንደ ገና በአንድ ሰው ሊገናኙ እንደሚችሉ ያሳያል።

ከቃላቱ ሦስቱን እንመርምር። «መቼት» ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተቀጠለ ነው። አጭር ነው፤ ፍቺውን በራሱ ይናገራል፤ ተማሪው አንድ ጊዜ ሰምቶ አይረሳውም። በእኛ ግምት ከተሳኩት ስያሜዎች አንዱ ነው። «ገጸ ባሕርይ» ከግእዝ የተውጣጣ፣ ክብደት ያለው ጥምር ነው፤ ነገር ግን «ባሕርይ» በዕለት ንግግር ጠባይ ማለት ስለ ሆነ ተማሪዎች ሰውየውንና ጠባዩን ያደባልቃሉ። «የገጸ ባሕርይው ባሕርይ» ለማለት ሲገደዱም ይሰናከላሉ። ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይለወጥ አንልም፤ ፍቺው ግን ይህን ልዩነት በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባል።

ሦስተኛው «ሴራ» ነው፤ በወጣቱ ረቂቅ ኅዳግ ላይ የጻፍነውም ይህንኑ ነው። በአማርኛ ሴራ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የምስጢር ተንኰል፣ አድማ ነው። ቃሉ ለታሪክ አወቃቀር መጠሪያ መሆኑ እንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ፍቺ ደርቦ ከመያዙ ጋር የተያያዘ ይመስለናል፤ የአንዱ ቋንቋ አጋጣሚ በሌላው ቋንቋ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ተማሪው «ሴራ» የሚለውን በሰማ ጊዜ ታሪኩ ውስጥ ተንኰለኛ ሰው መኖር አለበት ብሎ ያስባል። የእኛም ወጣት «ሴራው ልል ነው» የሚለውን አይቶ በሁለተኛው ረቂቅ አንድ ክፉ አጎት ጨምሮ ነበር። አጎቱ ለታሪኩ የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

ወደ መስቃን ጎረቤቶች መለስ ብለን ስንመለከት ግን ቃሉ ሌላ መልክ አለው። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን የሚገኘው መስቃን በብዙ ቋንቋዎች መገናኛ ላይ የተቀመጠ ነው፤ በሰሜኑ ክስታኔ፣ በደቡቡ ስልጤ፣ በምሥራቁ ማረቆ፣ ከዚያም አለፍ ሲል ኦሮሞ አለ። የክስታኔ ሕዝብ ባህላዊ ሕግ «የጎርደና ሴራ» ይባላል። የስልጤም ባህላዊ ደንብ በዚሁ ስም ይታወቃል። በኦሮምኛም «ሴራ» ሕግ ነው። በዚህ አካባቢ ያደገ ሰው «ሴራ» ሲባል የሚታየው ሰዎች የተሳሰሩበት ሥርዓት፣ አንዱ ድርጊት ሌላውን የሚያስከትልበት ደንብ ነው። ለልብ ወለድ አወቃቀር ከዚህ የተሻለ ፍቺ ከየት ይገኛል? በታሪክ ውስጥ ሁነቶች የሚያያዙት በተንኰል ሳይሆን በምክንያትና በውጤት ሕግ ነውና።

እንግዲህ ቃሉን መጣል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መዝገበ ቃላቱ ቃሉን ሲፈታ ከአማርኛው አድማ ጎን የጎረቤቶቹን ሕግና ሥርዓት እንዲመዘግብና የሙያ ፍቺውን ከዚያ እንዲያነሣ ነው። ስያሜ ሰጪው በዋና ከተማ ተቀምጦ የውጭውን መዝገበ ቃላት ብቻ ሲገልጥ፣ የአገሩ ቋንቋዎች ያዘጋጁለትን ፍቺ ሳያይ ያልፋል።

6. የቻሃው ምሳሌ

ከጉራጌ ቋንቋዎች የወጣ ደራሲ ሰዋስውንና ጥበቡን እንዴት እንደ ተማረ የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለን፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም። ሣህለ ሥላሴ የመጀመሪያ ሥራውን በአፍ መፍቻው በቻሃ ጻፈ። ሥራው በቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ፤ የሺነጋን መንደር ሕይወት የሚተርክ ነው። በኋላ ደራሲው በእንግሊዝኛም «አፈርሳታ»ን፣ በአማርኛም «ባሻ ቅጣው»ን የመሳሰሉ መጻሕፍት ጽፏል።

ቻሃን መጻፍ ምን ማለት እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። ቻሃ እንደ አማርኛ በጥብቀት ቃልን ከቃል አይለይም። በአንጻሩ እንደ ምዋ፣ ብዋ፣ ፍዋ ያሉ ከንፈር የሚያሾሉ ድምፆች አሉት፤ የአማርኛው ፊደል ለእነዚህ የተሟላ እርባታ አልነበረውም። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያገለግሉት ተጨማሪ ፊደላት በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መለያ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ማለትም ልብ ወለዱ ከፊደሉ ደረጃ መውጣት በአርባ ዓመት ቀደመ። ደራሲው የሰዋስው መጽሐፍ ታትሞ እስኪደርሰው አልጠበቀም፤ ሰዋስውን የተማረው እየጻፈ ነው። ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ ውስጥ የመስቃን ቃላት ከቻሃ፣ ከሙኸር፣ ከክስታኔና ከሌሎቹ ጋር ተመዝግበው ይገኛሉ። ቃል በመዝገብ ይገኛል፤ ቃሉ በማን አፍ፣ በምን ጊዜ፣ በምን አንጻር እንደሚነገር የሚያሳየው ግን ተረኩ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ ጸሐፊ ባጣን ቍጥር መዝገበ ቃላት ሠሪውም ምስክር ያጣል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ትእምርተ ጥቅስ ለተሰማ ንግግር ብቻ ይሁን፤ ፈቃድን፣ ሐሳብንና የግዑዝ ነገርን ሁኔታ ለሚገልጸው «ብሎ» እና «አለ» አይግባ፤ በጥርጥር ጊዜ ውሳኔው የደራሲው ይሁን። በጥቅስ ውስጥ ያለው ንግግር በ«አለ» ከተዘጋ ደግሞ አራት ነጥብ ከ«አለ» በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጥ፤ የጥያቄና የአንክሮ ምልክት ግን በጥቅሱ ውስጥ ይቅር። ሁለተኛ፣ በቦዝ ሰንሰለት ውስጥ ባለቤቱ አንድ ከሆነ ነጠላ ሰረዝ፣ ባለቤቱ ወይም ጊዜው ሲለወጥ ድርብ ሰረዝ፣ ማሠሪያው ሲፈጸም አራት ነጥብ ይሁን፤ ሰንሰለቱ ረጅም ስለ ሆነ ብቻ አይቈረጥ። ሦስተኛ፣ «ሴራ» ከጎረቤት ቋንቋዎች ፍቺው ጋር እንደ ገና ይፈታ፤ «ገጸ ባሕርይ» ከ«ባሕርይ» ተለይቶ ይብራራ። አራተኛ፣ የመስቃንና የሌሎቹ የጉራጌ ቋንቋዎች ተረት ነጋሪዎች ስለ ተረት አነጋገር የሚጠቀሙባቸው ቃላት ራሳቸውን ችለው ይሰብሰቡ።

ከቡታጅራ ከመነሣታችን በፊት ከረቂቁ አንድ ገጽ ያለ ቀይ ቀለም በራሳችን እጅ ገልብጠን ለባለቤቱ ሰጥተነዋል። አነበበው፤ ሁለት ስፍራ ላይም ነጠላ ሰረዛችንን ወደ ድርብ ሰረዝ ለወጠው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። እነዚህን ሐሳቦች የሚቃወም ወይም የሚያሻሽል አንባቢ፣ በተለይም ከአፍ መፍቻው ወደ አማርኛ የሚተረጕም ባለሙያ፣ ምሳሌውን ከራሱ ቋንቋ አውጥቶ እንዲልክልን በትሕትና እንጠይቃለን።